በአንዲት የከበረች ቃል ስለ ተባረረው ኑህ

አሰብ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወሰኔ፣
የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች መርማሪና አራሚ ሹም፣
በዚሁ ቢሮ፣ ከእኔ ሦስት ጠረጴዛ አልፎ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰንብተዋል? የግንቦት ሙቀት የወደቡን ብረት ሁሉ እያጋለ ባለበት በዚህ ሰሞን፣ የቢሯችን አንድ ለእናቱ የሆነው ቬንትላቶር እንደ ወትሮው ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ብቻ ዞሮ እንደሚነፍስ ስለማውቅ፣ ስለ ጤናዎ ብዙም አልሰጋሁም። እኛም በታይፕ ክፍል ያለነው፣ እርስዎን ሲቀዘቅዝዎ እያየን እንጽናናለን።

በዚህ ወር በ፲፪ ቀን በጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ፣ ከቢሮው ስለ ወጣው ሠራተኛ ስለ ኑህ፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ማኅተምና «ባልታረመ እንግሊዝኛ» ለውጭ ሰው ለምን እንደ ጻፍሁ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘውኛል። ትእዛዝዎን በደስታ ተቀብያለሁ። እንዲያውም ከታዘዝሁት አብልጬ ለመፈጸም ስለ ፈለግሁ፣ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ ሌላውን በሰዒድ ሻይ ቤት በር ላይ አኑሬአለሁ። የኑህ ስም የጎደፈው በዚያ ሻይ ቤት ወንበሮች ላይ ስለ ሆነ፣ ማስረጃው እዚያው ቢነበብ የተገባ መስሎኛል። እንግሊዝኛ ለማያውቀው አንባቢ እያስረዳሁ ስለምሄድ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ደግሜ ብነግርዎ ይቅርታዎ አይለየኝ።

፩ኛ፤ በቅድሚያ ምስጋና። ከስምንት ወር በፊት ከአዲስ አበባ ተዛውረው ሲመጡ፣ ከሻንጣዎ መጀመሪያ ያወጡት በሁለት ዓምድ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበር። የግራው ዓምድ «የመንገድ ቃል»፣ የቀኙ «የቢሮ ቃል» የሚል አርእስት ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርዳትን «ሄልፕ» ማለት ቀርቶ «አሲስት»፣ መግዛትን «ባይ» ማለት ቀርቶ «ፐርቼዝ»፣ መጠየቅን «አስክ» ማለት ቀርቶ «ሪኩዌስት» እንድንል አዘዙ፤ ወረቀቱንም ከጽሕፈት መኪናዬ በላይ በሚስማር መቱት። ከግራው ዓምድ አንዲት ቃል ሾልካ ደብዳቤዬ ውስጥ በተገኘች ቁጥር፣ በቀይ እርሳስዎ ሰርዘው «ይህች ጫማ አላደረገችም» ይሉኝ ነበር። አልዋሽም፣ አባባሉ ደስ ብሎኝ ስቄአለሁ። ለሚኒስቴር ሲጻፍ ቃል ጫማ ማድረጉ ደግ ነገር ነው፤ ከእርስዎም ብዙ ተምሬአለሁ።

ነገሩ መስመር መሳት የጀመረው በመጋዘኑ ባልዲዎች ነው። በጥጥ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አሸዋ የተሞሉ ስድስት ቀይ ባልዲዎች ተሰቅለዋል። በያንዳንዳቸው ላይ «ፋየር» የሚል አጭር ቃል በነጭ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ እሳት ማለት ነው። የቀን ሠራተኞቹ ፊደሉን ባያውቁም መልኩን ለምደውት፣ አሸዋው ለምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። እርስዎ አንድ ጠዋት አይተውት፣ ቃሉ ለመንግሥት ጥጥ አይመጥንም ብለው «ኮንፍላግሬሽን»፣ ማለትም ታላቅ ቃጠሎ፣ ተብሎ እንዲታደስ አዘዙ። ቃሉ ከባልዲው ስለ ረዘመ ቀለም ቀቢው ዙሪያውን አዞረው፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው መካከሉ ብቻ ይታያል። ሠራተኞቹም የሆነ መርከብ ስም ነው፣ አሸዋውም መርከቧ ስትመጣ የሚጫን ነው ተባብለው፣ ማንም እንዳይነካው ይጠባበቁት ጀመር። በየካቲት ወር ከአንድ የጥጥ ጥቅል ጭስ ሲወጣ፣ ዘበኛው ይመር ከስድስቱ ባልዲዎች ፊት ቆሞ ውሃ አምጡ እያለ ይጣራ ነበር። እሳቱ የጠፋው ሁለት ሰዎች ከባሕር በቆርቆሮ እየቀዱ ባመጡት ውሃ ነው። አሸዋውን ለምን እንዳልደፋው በኋላ ስጠይቀው፣ ይመር «የሰው ዕቃ መስሎኝ» አለኝ። በዚያ ቀን የሰው ጉዳት ስላልደረሰ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም በሳቁ መካከል ዝም አልሁ። ዝም ማለቴን ይመዝግቡልኝ።

፪ኛ፤ ወደ ኑህ ልምጣ። ኑህ ከአሰብ በስተ ሰሜን በባሕሩ ዳር ያለችው የዒድ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በመርከብ ጠርዝ ላይ ቆሞ ለክሬን ነጂው በእጁ ምልክት ሲሰጥ የኖረ፣ ድምፁ ሳይሰማ ሥራው የሚታይ ሰው ነው። ዐምና የክሬኑ ገመድ ሲበጠስ፣ ከሥር የነበረውን ብዙነህን ገፍትሮ ያዳነውና በዚያው የራሱ ትከሻ የተሰበረው እሱ ነው። በመጋቢት ወር ከዒድ መልእክተኛ መጥቶ የአባቱ ዓይን ፈጽሞ እንደ ጠፋ ነገረው። አባቱ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ኑህ ወደ እኔ መጥቶ፣ «እህቴ እቴናት፣ እኔ እዚህ ቆሜ አባቴ ግድግዳ እየዳበሰ መሄዱ አይሆንልኝም። በአሰብና በዒድ መካከል የምትመላለሰው የሞተር ጀልባ ሰው ትፈልጋለች። በሳምንት ሦስት ቀን አባቴ ዘንድ እሆናለሁ። ካፒቴኑ ግን ከቢሮህ ወረቀት አምጣ አለኝ» አለኝ። ካፒቴኑ በዚህ ባሕር ላይ ያረጀ ግሪካዊ ነው፤ ከየአገሩ ሰው ጋር ስለሚሠራ እንግሊዝኛም ያነባል።

የምስክር ወረቀቱን በእንግሊዝኛ አዘጋጀሁ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይል ነበር፦ «ኑህ ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቷል። ታማኝ ነው፤ አይሰክርም። የሰው ሕይወት አድኗል። ሥራውን በሚያዝያ የጨረሰው ዓይነ ሥውር አባቱን ለመርዳት ሲል በራሱ ፈቃድ ነው። ብንችል አንለቀውም ነበር።»

እርስዎም ቀዩን እርሳስ አነሡ። የሰው ሕይወት ማዳኑን «ይህ ታሪክ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም» ብለው ሰረዙ። የአባቱን ነገር «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ሰረዙ። ብንችል አንለቀውም የሚለው «ልመና ይመስላል» ተብሎ ሄደ። ቀረች «ፊኒሽ» የምትል ቃል፤ መጨረስ ማለት ናት። ወደ ወረቀትዎ ቀና ብለው በቀኙ ዓምድ የከበረች እኅቷን ፈለጉላት፤ «ተርሚኔት» የምትለውን አገኙ። ሠራተኛ ራሱ አይጨርስም፣ የሚያበቃው አገልግሎቱ ነው ብለውም ዐረፍተ ነገሩን ገለበጡት።

ለሻይ ቤቱ አንባቢ ላስረዳ። «ተርሚኔት» በእርግጥም ማብቃት ማለት ነው፤ መዝገበ ቃላቱ አይዋሽም። ነገር ግን ስለ ሰው ሥራ እንደዚያ ተገልብጣ ስትነገር፣ አገልግሎቱ እንዲቋረጥ ተደረገ፣ በአጭሩ አባረርነው ማለት ትሆናለች። በእኛም ቋንቋ ጎረቤቱን ስሞ መንገድ የጀመረ ሰው ተሰናበተ ይባላል፤ አጥፍቶ ከሥራው የተወገደም ተሰናበተ ይባላል። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን አጠገቡ ያለው ቃል ነው፤ እርስዎ ግን አጠገቡ የነበረውን ሁሉ ሰርዘውት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ቃሉን እንዳየሁት ገብቶኛል። ጣቴ በጽሕፈት መኪናው ላይ ቆሟል። ልጠይቅዎ ቀና ስል በስልክ ይነጋገሩ ነበር፤ በዚያ ሳምንት በሰው ፊት ሁለት ጊዜ «አንቺ የቃል ድሀ ነሽ» ብለውኝ ስለ ነበር፣ ሦስተኛውን ፈራሁ። ስለ ፈራሁም ታይፕ አደረግሁት። እርስዎ ፈረሙ፤ ማኅተሙ ተመታ። ኑህ ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ግንባሩን አስነክቶ «አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ያንን ምርቃት የት እንደማኖረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

፫ኛ፤ ወረቀቱ ከቢሮ ወጥቶ የሠራው ሥራ። ኑህ ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ካፒቴኑ በጣቱ እየተከተለ አነበበና አጥፎ መለሰለት። ከዚያም «ምን ሰረቅህ?» አለው።

ኑህ «ምንም» አለ።

«ታዲያ ለምን አባረሩህ?»

«አላባረሩኝም። እኔ ነኝ የወጣሁት።»

ካፒቴኑ ጣቱን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አኑሮ፣ «ማኅተም ያለው አንተ ነህ ወይስ ቢሮው?» አለው። ኑህም ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ።

በጀልባዋ አጠገብ የሚሰማ ሰው ነበርና ወሬው ከኑህ ቀድሞ ሻይ ቤት ደረሰ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲገባ ቦታ ይለቁለት የነበሩ ሰዎች፣ በዚያ ቀን ሲገባ ጨዋታቸውን አቋረጡ። ከወር በፊት ከመጋዘን የጠፋ ቁልፍ ሳይቀር በእሱ ስም ተነሣ። ኑህ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሁሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። «አሰላሙ አለይኩም» አለችኝ፤ ተቀመጪ ብላት ግን አልተቀመጠችም። «እህቴ፣ አሊማ ሱቅ ስገባ ሴቶቹ ዝም አሉ። አሊማም ዱቄቱን ስትሰፍርልኝ ፊቴን አላየችም። ባሌ ተቀምጦ ‹እኔ የማላውቀው ምን አጥፍቻለሁ?› እያለ እኔን ይጠይቀኛል። ያንን ወረቀት የጻፈችው እቴናት ናት አሉኝ። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለች። ስለ ሁለት ዓምድ ወረቀትና ስለ ጨዋ ቃላት ልነግራት አፌን ከፈትሁና አፈርሁ። «ነገ አስተካክላለሁ» ብቻ አልኋት። እሷም «ከነገ ወዲያማ ጀልባዋ ሌላ ሰው ይዛ ትሄዳለች» ብላኝ ወጣች።

፬ኛ፤ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ክቡርነትዎ ቀርቤ ወረቀቱ እንዲለወጥ ለመንሁ። መዝገበ ቃላቱን ከፍተው ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን መጻፋቸውን በጣትዎ አሳዩኝ። «አንድ ናቸው። አንዱ ጨዋ፣ አንዱ ባለጌ፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው» አሉኝ። እኔም «ጌታዬ፣ ሞተ ከማለት አረፈ ማለት ጨዋነት ነው። ነገር ግን ለአንድ ነጋዴ አህያህ አረፈ ብለን ብንልክበት፣ ደስ ብሎት ድርቆሽ ይዞ ይሄዳል» አልሁ። በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው የመዝገብ ቤቱ ክንፈ ሳቀ፤ ሳቁ ጉዳዬን እንደ ጎዳው አሁን ይገባኛል። እርስዎ ፊትዎ ቀልቶ «አማርኛ መግባቢያ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ደንብ ነው። ማኅተም የተመታበት ወረቀት ተሳስቶ አያውቅም» አሉኝ። ስለዚህ ትምህርት ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እፈራዎ ነበር፤ ፍርሃቱ እዚያው ጠረጴዛዎ ፊት ለቀቀኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳልሰጥ ልንገርዎ፤ የማስጠንቀቂያዎ ጥያቄ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነውና።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ቀረሁ። የቢሮው ስም የሌለበት ባዶ ወረቀት ወደ ጽሕፈት መኪናው አስገባሁና፣ ከግራው ዓምድ ቃላት ብቻ እየለቀምሁ ጻፍሁ፦ «ኑህን ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው። አልሰረቀም። ማንም አላባረረውም። የሄደው አባቱ ማየት ስለማይችል ነው። በቢሮው ወረቀት ላይ ያለው ቃል ስሕተት ነው፤ ታይፕ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ይጠይቁኝ።» ስሜን ጽፌ ፈረምሁና ጥላዬን ይዤ ወደ ጀልባዎቹ መቆሚያ በእግሬ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ብዙነህን ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ሲበላ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ተከተለኝ።

ካፒቴኑ በጀልባዋ ጥላ ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ፤ በጣቱ መከተል አላስፈለገውም። ሁለተኛ አነበበው። በተሰባበረ አማርኛም «ይህን ማን ጻፈ?» አለኝ።

«እኔ» አልሁት።

«የፊተኛውንስ?»

«እሱንም እኔ።»

መረቡን አስቀምጦ አየኝ። ከፀሐዩ ይልቅ ያ አስተያየት አላበኝ። በዚህ መካከል ብዙነህ ወደ ፊት ቀርቦ፣ «ጌታው፣ ከገመዱ ሥር የነበርሁት እኔ ነኝ» አለና፣ ጥቅሉ እንዴት እንደ ወረደ፣ ኑህ ከየት እንደ ዘለለ፣ ትከሻው እንዴት እንደ ተሰበረ በእጁ እያሳየ ነገረው። ካፒቴኑ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ወረቀቴን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና «ለሌባ ምሳውን ጥሎ የሚመጣ ሰው አላየሁም። ሂዱ፣ ጥሩልኝ» አለ።

ኑህን ከቤቱ ያመጣው ብዙነህ ነው። ኑህ ሲመጣ ወደ ካፒቴኑ አልሄደም፤ አስቀድሞ ወደ እኔ መጣ። «በፊተኛው ወረቀት ላይ ምን ብለሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርሁት፤ ገብቶኝ ሳለ መጻፌን ጭምር። «እንድታነቢልኝ መጠየቅ ነበረብኝ። ያልጠየቅሁት አንቺን ስላመንሁ ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ማስጠንቀቂያዎ ሁለት ሙሉ ገጽ ነው፤ ይህችን ያህል ግን አልከበደኝም። ከዚያ ኑህ እጁን ሰጠኝ፤ በተሰበረው ትከሻው በኩል ያለውን እጅ። ጨበጥሁት፤ እሱም ወደ ጀልባዋ ገባ።

እነሆ እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ዒድ ደርሶ ተመልሷል። አባቱን እጃቸውን ይዞ ወደ ባሕሩ ዳር እንደሚያወጣቸው፣ ሽማግሌውም በሞተሩ ድምፅ ብቻ የልጃቸውን ጀልባ ከሌላው መለየት እንደ ጀመሩ ሁሪያ ነግራኛለች። አሊማም ዱቄት ስትሰፍርላት ስለ አማቷ ዓይን ጠይቃታለች። የጠፋው ቁልፍ ደግሞ ካንድ የጥጥ ጥቅል ሥር ተገኝቷል፤ በኑህ ስም ያነሣው ሰው አሁን ለምን ዝም እንዳለ ግን እኔ አልጠይቅም፣ ዝምታን ከማንም በላይ አውቃለሁና። ካፒቴኑ ወረቀቴን ለወደቡ ሰዎች ሁሉ እያሳየ «እንዲህ ነው መጻፍ» ማለቱን የሰማሁት፣ ማስጠንቀቂያዎ ሲደርሰኝ ነው። ያስቆጣዎት ይህ ከሆነ እውነትም ያስቆጣል፤ በስምንት ወር ውስጥ ከቢሯችን የወጣ ደብዳቤ ሲመሰገን ይህ የመጀመሪያው ነውና።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው። ያለ ፈቃድ ጽፌአለሁ፤ ያለ ማኅተም ጽፌአለሁ፤ ባልታረመ እንግሊዝኛም ጽፌአለሁ። ቅጣት ካለ ለመቀበል ከጠረጴዛዬ አልጠፋም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የፊተኛው የምስክር ወረቀት ቅጂ በኑህ ፋይል ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ነገ የሚያነበው ሰው እንደ ካፒቴኑ ጠይቆ የሚያዳምጥ ላይሆን ይችላልና፣ እባክዎ ያንን አንድ መስመር ይሰርዙልኝ። እርሳስዎ ያጠረ እንደ ሆነ፣ አዲስ ቀይ እርሳስ ቀርጬ በመሳቢያዎ ውስጥ አስቀምጬልዎታለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ጠረጴዛና ከተጻፈለት በቀር የማያስብ የበታች ሠራተኛ እንዲያገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ ትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እቴናት አሥራት
የእንግሊዝኛ ታይፒስት

ድኅረ ጽሑፍ፤ በዚህ ቢሮ ሌላ የእንግሊዝኛ ታይፒስት ስለሌለ፣ በእጅዎ የረቀቀው የእኔው ማስጠንቀቂያ ታይፕ እንዲደረግ የተላከው ወደ እኔው እንደ ነበር ያስታውሳሉ። በውስጡ ሦስት የፊደል ስሕተት አግኝቼ ነበር። ሁለቱን፣ እየተቀጣሁም ቢሆን የቢሮው ክብር ስለሚያሳስበኝ፣ ዝም ብዬ አርሜአቸዋለሁ። ሦስተኛው ግን ከስምዎ በታች፣ በማዕረግዎ ውስጥ ስለ ነበረ፣ የአለቃን ማዕረግ መንካት የእኔ ድርሻ አይደለም ብዬ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ እርስዎም አንብበው ፈርመውበታል።